የአደራ መስታወት

ልብስ ሰፊዋ ያንን ቤት የወደደችው ገና ደጃፉን ሳትረግጥ ነው። ከመኪናው ወርዳ አንዴ በረጅሙ አየር ሳበችና፣ በቃ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ሌላው ሰው ቤት ሊገዛ ሲሄድ ጣሪያ ያያል፣ ግድግዳ ይደባብሳል፣ ስለ ውሃው ይጠይቃል፤ እሷ ግን የመጣችው አየር ልትገዛ ነበር። ከተማ ውስጥ፣ ከትልቁ መንገድ ሥር በተከራዩት ቤት፣ የስድስት ዓመት ልጇ ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ እያለ ነው የምታድረው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ "እኔ የምጽፍላት ያስታግሳታል እንጂ አያድናትም። ከቻላችሁ ከዚህ ጭስና አቧራ አውጧት" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየው ሌላ ወሬ የላትም።

ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው። ከሥራው የተጋባበት ነው መሰለኝ፣ ኑሮውንም የሚነዳው እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ነው። የገጠር ቤት የሚባለውን ነገር ስትጀምረው፣ መንገዱ ይርቃል አለ፤ ክረምት ይጨቀያል አለ፤ እባብ አለ፣ ጅብ አለ፣ ውሃ የማያነሳ ምክንያት ሁሉ ደረደረ። አንድ ማታ ግን ልጅቷን ተሸክሞ እስኪነጋ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ አደረና ጠዋት ላይ ተሸነፈ።

"እሺ" አላት። "ግን አንድ ነገር፤ የሚያውቅ ሰው ይየው። ደህና ነው ካለ እፈርማለሁ። አይሆንም ካለ ደግሞ የገጠር ቤት የሚባል ነገር በዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም። ተስማማን?"

"ተስማማን" አለች። ምን ምርጫ አላት?

የሚያውቀው ሰው መሐንዲስ ነው፤ ሥራው ሰው ሊገዛቸው ያሰባቸውን ቤቶች እየዞሩ መመርመር። ባልየው ገና በመጀመሪያው ቀን "የግድግዳ ሐኪም" የሚል ስም አወጣለት፤ አልተሳሳተምም። ጆሮውን ልስኑ ላይ ለጥፎ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ይሰማል፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ኳ ኳ ያደርጋል። ከቦርሳው ውሃ ልኩንና ቱምቢውን እያወጣ ይለካል፣ ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ውስጥ አንገቱን ይከታል፣ የመሠረቱን ድንጋይ ተንበርክኮ ያሸታል። ከአፉ ግን ቃል አይወጣም። ሲናገር የሚያስከፍሉት ይመስል "እምም" ብሎ ያልፋል፤ ልብስ ሰፊዋም በእያንዳንዱ "እምም" ልቧ አንድ ደረጃ ይወርዳል።

ሻጩ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስታወት ገጣሚ ሆነው የሠሩ፣ መንደሩ "አባ መስኮት" የሚላቸው፣ እጃቸው አሁንም ያልተንቀጠቀጠ ሰው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መፍለጡ ከብዷቸው፣ ከተማ ያለችው እህታቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ቆርጠዋል። ቤታቸው ውስጥ የጎደለ ነገር ቢኖር እንኳ መስኮቶቹ ያስረሱታል። እንዲህ የጠራ መስታወት ልብስ ሰፊዋ አይታ አታውቅም። በተለይ የምሥራቁ ክፍል፣ ጠዋት ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ የምትገባበት፣ አንዱ ግድግዳ ከነመስኮቱ የአትክልቱን ቦታ የሚያይ፣ ያ ክፍል የልጇ ነው። አልጋዋን በሐሳቧ እዚያው ግድግዳ ሥር ዘርግታ፣ አንሶላውን አንጥፋ፣ አሻንጉሊቷን ሳይቀር አስቀምጣላታለች።

የግድግዳ ሐኪሙም ሄዶ ሄዶ የቆመው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው።

ከኮርኒሱ ተነስቶ እስከ መስኮቱ ጥግ የሚወርድ ስንጥቅ ነበር፤ ክር ያህል የቀጠነ። መሐንዲሱ ብዙ ቆየበት። ከዚያ ከቦርሳው ጣት የምታህል ስስ መስታወት አወጣ፤ በስንጥቁ ላይ አጋደማትና ሁለቱን ጫፎቿን ከወዲያና ከወዲህ በጀሶ አጣበቃት፤ ቀኑንና ፊርማውን ጻፈባት። ወደ ሽማግሌው ዞሮም፣ "አባባ፣ ይህቺን መስታወት አደራ። ማንም ገፍቶ እንዳይሰብራት" አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "በኔ ይሁንብዎ፣ ኢንጂነር። አደራ አጉድዬ አላውቅም።"

መስታወቷ ምን እንደምትሠራ መሐንዲሱ ለባልና ሚስቱ የነገራቸው ከግቢው ወጥተው መኪናው ጋ ሲደርሱ ነው። ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም፤ የቆመ አለ፣ የሚሄድ አለ። ይሄ ግድግዳ ወደ ቁልቁለቱ እየሄደ ከሆነ መስታወቷ ትሰነጠቃለች፤ ዓይን የማይለየውን እሷ ትለየዋለች። ዝናቡ ይለፍና እናያታለን።"

"ለሽማግሌው ለምን አልነገሩዋቸውም?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ለሻጭ አልናገርም። ሻጭ ካወቀ ይነካካል" አለና በሩን ዘጋ። በሳሙና ስንጥቅ ደፍነው፣ ቀለም ቀብተው፣ ቁም ሣጥን አስጠግተው ያሞኙት ሻጮች ስንት እንደሆኑ እሱ ነው የሚያውቀው። ሕጉ አድርጎታል፤ በሕጉም ይኮራበት ነበር።

ያ ክረምት ለልብስ ሰፊዋ እንዴት እንዳለፈ እኔ ልናገር አልችልም። ማታ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሌላው ሰው ብርድ ልብሱን ይስባል፤ እሷ ግን ተቀምጣ ስለዚያች ጣት የምታህል መስታወት ታስባለች። የስፌት መኪናዋ ላይ ያለውን ጨርቅ ትታ መርፌውን እያየች ትፈዛለች። የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ፈትታለች፤ አንዴ አይደለም። ያከራያቸው ሰውዬም ቤቱን ለወንድሙ ልጅ ሊሰጠው ስለሆነ ክረምቱ ሲወጣ እንዲለቁለት ነግሯቸዋል። ልጅቷ ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ እስኪጠቁር ድረስ ታግላ፣ እናትየው ጎረቤት ጠርታ፣ እንደምንም ሐኪም ቤት ደርሰው ተረፈች። ባልየው ያን ዕለት አውቶቡሱን መንገድ ላይ ለረዳቱ ጥሎ ነው የመጣው።

"ደውልለት በናትህ" አለችው። "መስታወቷ ደህና ናት ወይ በለው።"

"ጊዜው ሳይደርስ አልሄድም ብሏል።"

"እንግዲያው እኔ ራሴ ሄጄ አያታለሁ።"

"ሄደሽ ልትገፊያት? ተይ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ። ትንሽ ታገሺ።"

ታገሠች። ዝናቡም አለፈ፣ ባልና ሚስቱና መሐንዲሱ ሦስቱም በባልየው ወንድም መኪና ተያይዘው ሄዱ፤ ልጅቷን አክስቷ ዘንድ ትተዋት።

ሽማግሌው የክት ኮታቸውን ለብሰው ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። መሐንዲሱ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ወደ ምሥራቁ ክፍል አለፈ። ልብስ ሰፊዋ ተከትላው ገባች፣ ግን ዓይኗን ቀና ማድረግ አቃታት። ሊሾውን እያየች ቆመች። መሐንዲሱ ማጉያ መነጽሩን ሲያወጣ፣ ጥፍሩን መስታወቷ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲያስኬድ፣ ሁሉንም በጆሮዋ ነው የሰማችው።

"ሙሉ ናት" አለ በመጨረሻ። "ግድግዳው ቆሟል። መግዛት ትችላላችሁ።"

እልል ልትል ምንም አልቀራት። ባሏን ቀና ብላ ብታየው፣ ያ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ጥርሱ ታይቷል።

ወዲያው ሳሎን ገብተው ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ባልየው እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበበ፣ መሐንዲሱ በምስክርነት ለመፈረም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣችና ለመጋረጃ የሚሆናትን ልትለካ ወደ ምሥራቁ ክፍል ተመለሰች። ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነ ሳይቀር ወስናለች፤ ሰማያዊ፣ ፀሐይ የሚያሳልፍ።

ሽማግሌው ከኋላዋ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ወደድሽው፣ ልጄ?"

"በጣም እንጂ፣ አባባ። መስኮትዎ ብቻውን ቤት ነው።"

ደስ አላቸው፤ ለሙያቸው የተነገረ ምስጋና ነው። ቀረብ ብለው ግድግዳው ላይ ያለችውን መስታወት በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጓት።

"ለኢንጂነሩ አልነገርኳቸውም፤ የሠሩትን ማውራት ደስ አይለኝም። የሳቸው መስታወት እኮ ሳስታ የተቆረጠች ናት። ክረምቱ ከተጋመሰ በኋላ ከመሐሏ ተሰነጠቀች።"

የልብስ ሰፊዋ ሜትር ከእጇ አመለጠ።

"ተሰነጠቀች?"

"ማንም አልነካትም፣ እንዲያው በራሷ። ደነገጥኩ። የሰው ዕቃ፣ ያውም አደራ! ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው? ከራሴ መስታወት መርጬ በልኳ ቆረጥኩና ተካሁላቸው። የጻፉባትን ጽሑፍ ሳይቀር እንዳለ ገለበጥኩት፤ ፊርማቸው ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። እሷም ተሰነጠቀች። ይቺ ሦስተኛዋ ናት፤ ትናንት ከሰዓት ነው የገጠምኳት። እንግዳ ሲመጣ ተሰብራ ብትገኝ ነውር አይደለም?"

ይህን ሁሉ ሲናገሩ ፊታቸው ላይ አንዲት የተንኮል ጥላ የለችም። አደራቸውን በሰላም ያስረከቡ ሰው እፎይታ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ጆሮዋ ውስጥ ይጮህባት ጀመር።

"የኔ እመቤት!" አለ ባሏ ከሳሎን፤ እንዲህ ብሎ ከጠራት ዓመታት አልፈዋል። "እኔ ፈርሜያለሁ! ነይ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው!"

ፈርሟል። ፍሬን የማይለቀው ሰውዬ፣ ዛሬ፣ ከሷ ቀድሞ ፈርሟል።

በሩ ሩቅ አልነበረም፤ ለመድረስ ግን ዘመን ፈጀባት። ወደ ሳሎኑ ስትራመድ ስንት ሐሳብ እንደተመላለሰባት! እዚህ ክፍል የስፌት መኪናዬን አስገባለሁ፣ የልጄን አልጋ ወዲያ እወስደዋለሁ። ሰው ሁሉ በተሰነጠቀ ቤት አይደለም እንዴ የሚኖረው? ብናገር ቤቱ ቀረ። ቤቱ ብቻ አይደለም፣ ወሬውም ቀረ፤ ቃል ሰጥቻለሁ። ልጄ ያን የጠቆረ ከንፈሯን ይዛ ያው ጭስ ውስጥ ትቀራለች። ደግሞስ ሽማግሌው ምን በወጣቸው? እህታቸው ክፍል አሰናድታ እየጠበቀቻቸው ነው። ለማን ነው የምናገረው? ከኔ በቀር የሰማ የለም።

ሽማግሌውንም ጠላቻቸው፤ ለምን ይደበቃል፣ ከልቧ ጠላቻቸው። ምናለ ዝም ቢሉኝ!

ብዕሩን ተቀበለች። ባሏ ጣቱን የምትፈርምበት ቦታ ላይ አድርጎ አሳያት። ጣቱን አየችው፤ ያን ቀን ሐኪም ቤቱ በር ላይ የልጅቷን ፀጉር ሲደባብስ የነበረው ጣት ነው። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ አንዲት ጭረት ጫረች፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠችው።

"ኢንጂነር" አለች። "ያቺ መስታወት የርስዎ አይደለችም።"

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። "እንዴት የኔ አትሆንም? ጽሑፌ አለባት።"

"እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት" አሉ ሽማግሌው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፤ አሁንም ምስጋና የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉት።

መሐንዲሱ ወንበሩን ገፍትሮ ተነሳና ወደ ክፍሉ ሮጠ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ፊት ሆኗል።

"የተሰበሩት የት አሉ?"

ሽማግሌው መሳቢያቸውን ከፍተው በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ስባሪው ሳይቀር የባለቤቱ ነውና አስቀምጠውታል። መሐንዲሱ ስባሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ፣ ውሉ ላይ ደረደራቸው። ሁለቱም ከመሐላቸው፣ በቀጥታ ነው የተሰነጠቁት።

"የመጀመሪያዋ ስንት ጊዜ ቆየች?"

"ሁለት ወር አልፏታል። ሁለተኛዋ ግን ግማሹንም አልቆየች። እሷን እኮ ደግሞ ወፍራም አድርጌ ነው የቆረጥኳት።"

"ወፍራም?" መሐንዲሱ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "ስለዚህ እየሄደ ነው። ያውም እየፈጠነ።" ከዚያ ንዴቱ ገነፈለ። "ማን ንካ አለዎት? ማን ቀይር አለዎት፣ አባባ? ግድግዳው ሲሄድ እንድትሰበር ነው እኮ የለጠፍኳት! እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን እሥሩ ሊያስተኙ ነበር!"

ሽማግሌው ከዚህ ፊት ወደዚያ ፊት ተመለከቱ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ይታያል። እጃቸው፣ ያ የማይንቀጠቀጠው እጅ፣ የወንበሩን መደገፊያ ፈለገና ሳተው፤ ባልየው ደግፎ አስቀመጣቸው።

"እንድትሰበር?" አሉ። "እኔን ግን እንዳትሰበር አይደል ያሉኝ?"

መሐንዲሱ ከስባሪዎቹ አንዱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

ባልየው ውሉን ከስባሪዎቹ ሥር አወጣ፣ አንዴ አጠፈው፣ ከዚያ ቀደደው። ቀስ ብሎ ነው የቀደደው። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማንንም ሳታፍር አለቀሰች። ላጣችው ቤት አለቀሰች፣ ለሰማያዊው መጋረጃ አለቀሰች፣ ማታ ሲጥ ሲጥ ለሚለው የልጇ ደረት አለቀሰች። ባሏ ትከሻዋን ይዞ ቆመ። ቃልሽን ሰጥተሻል አላላትም፤ አስቦትም ከሆነ ዋጠው።

መሐንዲሱ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። "አባባ፣ ያንን ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ይቆልፉት። የሚደግፍ ግንበኛ እስኪመጣ ድረስ ድመትም እንዳይገባበት። በማንኛውም ሰዓት ሊናድ ይችላል።"

"እሺ" አሉ ሽማግሌው። ከዚያ እንደ ማፈር ብለው፣ "እንግዲያው ፍራሼን መልሼ ላውጣው" አሉ።

"የምን ፍራሽ?"

"የኔን። እዚያ እኮ ነው የማድረው።"

ልብስ ሰፊዋ ለቅሶዋን አቆመች። "እዚህ ሳሎን አይደል እንዴ የሚተኙት፣ አባባ? የመጣን ዕለት አልጋዎ እዚህ ነበር።"

"ድሮማ እዚህ ነበርኩ። ኢንጂነሩ መስታወቷን ከሰጡኝ ወዲህ ነው የገባሁት። አይጥ አለ፣ የጎረቤት ድመት በመስኮት ይገባል፤ የሰው አደራ ብቻውን አይተውም ብዬ እሥሯ አነጠፍኩ። እናንተ ስትመጡ ክፍሉ እንዳይጠብባችሁ ብዬ ጠዋት ጠቅልዬ እዚያው ከቁም ሣጥኑ ኋላ አቆምኩት።"

ክረምቱን ሙሉ፣ እሷ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብላ ስለዚያች መስታወት ስትጨነቅ፣ እኚህ ሽማግሌ በሚሄደው ግድግዳ ሥር ተኝተው ሲጠብቋት ነበር። ቅድም ከልቧ የጠላቻቸው ሰው ናቸው። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ አለች በልቧ፤ ዛሬም እዚያው ያድሩ ነበር። እህታቸው ጋ እስኪሄዱ ድረስ፣ ሌላም ሌላም ሌሊት።

ባልየው ምንም ሳይል ወደ ክፍሉ ገባ። "አትግባ!" ብሎ መሐንዲሱ ሲጮህ፣ እሱ ፍራሹን በትከሻው ተሸክሞ እየወጣ ነበር። አልፎም በቀጥታ ደጅ ወጣና መኪናው ላይ ጫነው።

"የት ነው የምትወስደው?" አሉ ሽማግሌው።

"እርስዎ ወደሚሄዱበት" አለ ባልየው። "ዛሬ እዚህ አያድሩም። መጀመሪያ እኛ ጋ ያርፋሉ፣ ነገ እህትዎ ዘንድ አደርስዎታለሁ። ያው ያለችን ጠባብ ናት፣ ልጃችንም ሌሊት ታስላለች፣ ይታገሡናል።"

ልብስ ሰፊዋ የልብሳቸውን ሻንጣ አዘጋጀችላቸው። ሽማግሌው ቤቱን ሲቆልፉ ቁልፉ ቀዳዳውን እምቢ አላቸውና መሐንዲሱ ተቀብሎ ቆለፈላቸው። ቁልፉን ሲመልስላቸው እጁን ያዙት።

"ኢንጂነር፣ እውነቱን ይንገሩኝ" አሉ። "አደራውን አጎደልኩ ማለት ነው?"

ለሻጭ የማይናገረው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ነካ። "አላጎደሉም፣ አባባ። ያጎደልኩት እኔ ነኝ" አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አምነውት ይሁን አይሁን አይታወቅም። ልብስ ሰፊዋ ክንዳቸውን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው፣ የፊት ወንበሩን ለቀቀችላቸው፣ እሷ ከመሐንዲሱ ጋር ከኋላ ፍራሹ ጎን ተጣብቃ ተቀመጠች። ባሏም ቁልቁለቱን በዝግታ ወረደ።